ማጭድና ባለእጅ
(ስለ መቁረጫ መሣሪያዎች ታሪክና አጠባበቅ)

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ፥ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የሆንን እኛ ከታሪክ አንድ ርእስ መርጠን እንድንጽፍ ተጠየቅን። በመጀመሪያ ያሰብነው እንደ ወትሮው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ለበዓሉ ግቢያችንን እንድናጸዳ ታዝዘን የአትክልቱን ዕቃ ቤት በከፈትን ጊዜ ያየነው ነገር አሳባችንን ለወጠው። በክረምት ሣር አጭደንባቸው ከነርጥበታቸው የወረወርናቸው ማጭዶች፥ ገጀራዎችና መጥረቢያዎች ዝገት በልቷቸው፥ ቀይ አፈር መስለው ተከምረው ነበር። ከማጭዶቹ አንዱን ብናነሣው እጀታው በእጃችን ቀረ፤ ብረቱም ከመሬት ወደቀ። ጥፋቱ የሌላ የማንም አልነበረም፤ የእኛው የተማሪዎቹ ነበር።

መምህራችንም፥ «ወደ ባለእጅ ይወሰዱ፤ ማን ይወስዳቸዋል?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ዝም አልን። የዝምታችንን ምክንያት እናውቀዋለን፤ ሳንደብቅ እንናገረዋለን። በመካከላችን የብረት ሠሪ ልጅ የሆነ ጓደኛ አለን። በታናሽ ክፍል ሳለን «የቡዳ ልጅ» እያልን ከአጠገቡ መቀመጥን የሸሸን፥ ምሳውንም ከእርሱ ጋር ለመቍረስ እንቢ ያልን እኛ ነን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረን፥ ሰው ሁሉ አንድ ነው የሚለውን ቃል በቃላችን አጥንተን ሳለ ይህን አደረግን። በዚያን ቀን ግን እርሱ ከሁላችን ቀድሞ ተነሣና መሣሪያዎቹን በጆንያ ከትቶ ተሸከመ። እኛም አፍረን ተከተልነው። ይህ ጽሑፍ የታሰበው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ እጃችን ከያዘው ስለት የምንበላ ሕዝብ ስንሆን፥ ስለቱን የሠራልንን ሰው ስለ ምን ናቅነው? ስለቱንስ ስለ ምን እንጥለዋለን? ሁለቱ ጥያቄዎች በእኛ አስተያየት አንድ ናቸው።

ብረት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የጻፈ ሰው ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ባዘጋጀው መምሪያ፥ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ነገሥታት ግዛት ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ብረትን፥ መጥረቢያንና ሰይፍን ይቈጥራል። ብረቱም ዝሆንንና ሌሎች አራዊትን ለማደን፥ ለጦርነትም ለሚሆን ጦር መሥሪያ እንደ ነበረ ያመለክታል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዔዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፥ ሠራዊቱ ከማረከው ሀብት ውስጥ እህልን ከናስና ከብረት ጋር አንድ ላይ ጠርቶታል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ፥ የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ አገር ሲሄዱ በሬ፥ ጨውና ብረት ይዘው እየወረዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ጽፏል። ስለዚህ በወርቅ አገር ሰዎች ወርቃቸውን ሰጥተው ብረት የተቀበሉበት ዘመን ነበር።

ከነዚህ ምስክሮች አንድ ነገር እንማራለን። ጦሩና ሰይፉ ተጽፈዋል፤ ማጭዱ ግን አልተጻፈም። ሆኖም የዔዛና ወታደር ስንቅ የሆነውን እህል አንድ ሰው በአንድ ስለት አጭዶታል። ታሪክ ጸሐፊ የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ስለሆነ፥ የገበሬው መሣሪያ ከመዝገብ ውጭ ቀረ። ከመሣሪያውም ጋር የሠሪው ስም አብሮ ቀረ።

አሁን ወደ ባለእጁ ሥራ እንመለስ። ከውጭ አገር የተሠራ ብረት በብዛት ከመግባቱ በፊት፥ የአገራችን ብረት ሠሪ ብረቱን ራሱ ከድንጋይ ያወጣው ነበር። ብረት ያለበትን ድንጋይ ፈልጎ ይሰባብረዋል፤ ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ ውስጥ ይደራርበዋል፤ ከዚያም በቆዳ ወናፍ እየነፋ ያነድደዋል። ከሰሉ ሙቀት ከመስጠቱ በላይ በድንጋዩ ውስጥ ከብረት ጋር ተጣብቆ የሚኖረውን ኦክስጅን ይወስድለታል። የሚቀረውም ከቆሻሻ ጋር የተደባለቀ፥ የተቦረቦረ ብረት ነው። ይህን ደግሞ እያጋለ፥ በጉጠት ይዞ፥ በመዶሻ ደጋግሞ በመምታት ቆሻሻውን ያስወጣዋል። ቀጥቃጭ የሚለው ቃል የዚህ ሥራ ስም ነው፤ ስድብ ያደረገው የሰው አፍ ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚረቅቀው ግን ስለቱን ማጠንከር ነው። ካርቦን በመጠኑ ያለበት ብረት ቀይ እስኪሆን ግሎ በድንገት ውሃ ውስጥ ሲነከር እጅግ ይጠነክራል፤ ዳሩ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ገና በልኩ ማሞቅና ጥንካሬውን ጥቂት ማለዘብ ያስፈልጋል። የኬሚስትሪ መምህራችን ይህን ሲያስረዱን በሰሌዳ ላይ ሥዕል ስለዋል። ባለእጁ ግን ልኩን የሚያውቀው በብረቱ ቀለም ነው፤ ጥቂት ቢቸኵል ስለቱ ይሸረፋል፤ ጥቂት ቢዘገይ ይዶለዱማል። በዓይንና በእጅ የሚያዝ እንደዚህ ያለ ዕውቀት በመጽሐፍ ስላልተጻፈ ብቻ ዕውቀት አይደለም ልንል አይገባንም።

ለዚህ ሁሉ ጥበብ የተከፈለው ዋጋ ምን ነበር? በብዙው የአገራችን ክፍል ብረት ሠሪው ርስት አልነበረውም፤ ከሌላው ጋር በጋብቻ አይገናኝም ነበር። በጎንደር አካባቢ በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል ይህ ዕጣ ደርሶባቸዋል፤ በሌላውም አገር ባለእጆች እንዲሁ ሆነዋል። ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ይህን ያለው ሰው ግን በማግሥቱ ማረሻውን ተሸክሞ ወደዚያው ሰው ደጅ ይሄድ ነበር። እኛ የምናስበው እንዲህ ነው፤ እሳትን የሚገዛና ድንጋይን ወደ ብረት የሚለውጥ ሰው ምስጢር ያለው ይመስላል፤ ሰውም ያልገባውን ነገር ይፈራል፤ የፈራውንም ይጠላል። የቡዳ ወሬ ያለማወቅ ልጅ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 13ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ በልጅነታችን ተምረናል። በእስራኤል አገር ሁሉ ብረት ሠሪ አልተገኘም ነበርና፥ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ያነበብነው ስለ ጦርነት የተነገረ አድርገን ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየናል፤ ብረት ሠሪ የሌለው ሕዝብ ለእንጀራውም ለነጻነቱም የሌላውን ደጅ ይጠናል።

ይህን ከተረዱት የአገራችን መሪዎች አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ማሠልጠኛ የመጡትን፥ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርንና ጓደኞቹን፥ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፍረው የብረት ሥራ እንዲሠሩና ኢትዮጵያውያንን እንዲያስተምሩ አደረጉ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር፤ ንጉሡ ግን አብልጠው የፈለጉት እጃቸውን ነው። በጋፋትም ሴባስቶፖል የተባለው፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። መድፉ በተራራና በገደል ተጐትቶ ወደ መቅደላ ሲሄድ ንጉሡ ራሳቸው መንገድ በማስጠረጉ ሥራ ከሕዝቡ ጋር እጃቸውን አስገብተዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ፤ የጋፋትም ሥራ ሳይቀጥል ቀረ። መድፉ ዛሬም በዚያው በወሎ ምድር በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። እኛን የሚያሳዝነን ሌላ ነው፤ ንጉሡ በባዕድ አገር ሰው እጅ ያከበሩትን ጥበብ ሕዝቡ በገዛ ወንድሙ እጅ ሲያየው ይንቀው ነበር።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን በተባለው ዘመን የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው እርሻው ጦም አደረ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ይነገራል። በሬ በሌለበት አገር የቀረው ተስፋ ብረትና የሰው ክንድ ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውን ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፤ ስድቡን ያልተወም በእስራት ይቀጣል ተባለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ፥ ራሱ ለማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፥ ርስት ተከልክሎ ለኖረው ባለእጅ በሕግ ፊት በር ከፈተ። ሆኖም ከመጀመሪያው አዋጅ ከ100 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ እኛ የዛሬ ልጆች በክፍላችን ውስጥ ያንኑ ስድብ ደገምነው። አዋጅ እጅን ያስራል፤ ልብን የሚፈታው ግን ትምህርት ነው፤ ያውም ከልብ የተማሩት እንደ ሆነ።

ወደ አገራችን ወደ ቆቦ እንምጣ። ቆቦ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፥ በምዕራብ የላስታ ደጋ ከሚያዋስኑት ሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ከደጋው ደለል እየተሸከሙ ስለሚወርዱ መሬቱ ለም ነው፤ ዝናቡ ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም። የዚህ ሜዳ ንጉሥ ማሽላ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉትን ዘሮች የማያውቅ የቆቦ ልጅ የለም። ማሽላ ደግሞ ለማጭድ ከባድ ሥራ ይሰጣል። ራሱ ተቈርጦ ለምግብ ይሆናል፤ አገዳው ተቈርጦ ለከብት መኖ፥ ለማገዶ፥ ለአጥርና ለቤት ይሆናል። የአገዳው ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ስለትን ቶሎ ያደነዝዛል። ጤፍም ቢሆን በዶለዶመ ማጭድ ሲጐተት ከሥሩ ይነቀልና አፈር ይዞ ይመጣል፤ ያም አፈር በስተኋላ ከእንጀራው ውስጥ ይገኛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በዚህ ሜዳ ላይ ትልቁ መሣሪያ ትራክተር ሳይሆን ማጭድ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ከወረረ በኋላ፥ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በቈየበት ጊዜ፥ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚሄደውን መንገድ ሠራ። መንገዱም በቆቦ በኩል ያልፋል። ጠላት መንገዱን የሠራው ለራሱ ጦር ነበር፤ ሆኖም መኪና ከመጣ በኋላ ባለእጁ አዲስ ብረት አገኘ። ባሌስትራ የምንለው የመኪና ምንጣፍ ብረት ስሙም ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። ጭነት ተሸክሞ እንዲለመጥና እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፥ ካርቦኑም ስለትን ለማጠንከር የሚበቃ ነው። ባለእጁ የተሰበረ ባሌስትራ ገዝቶ፥ አግሎና ቀጥቅጦ፥ ማጭድና ገጀራ ያደርገዋል። ማንም ሳያስተምረው ከወደቀ መኪና ምርጡን ብረት ለይቶ ማወቁ የጥበቡ ምስክር ነው።

የስለት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። በዚያን ጊዜ የበረሃ አንበጣ መንጋ ወደ ራያ ሜዳ ገባ። ሊቃውንት እንደሚሉት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰዎች የሚበሉትን ያህል እህል ይጨርሳል። ማሽላው ገና እሸት የነበረው ገበሬ ጅራፍ እያጮኸና ቆርቆሮ እየመታ ከመከላከል በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ሰብሉ የደረሰለት ግን መንጋው ሳይቀድመው ለማጨድ ከነቤተሰቡ ሌሊትና ቀን ተረባረበ። እኛም በዚያን ጊዜ ልጆች ሳለን ነዶ ተሸክመናል። በእንዲህ ያለ ቀን የተሳለ ማጭድ ያለውና የዶለዶመ ማጭድ ያለው ሰው እኩል አይደሉም፤ አንደኛው ማሳውን ጨርሶ ሲገባ ሁለተኛው ገና ከእኩሌታው ላይ ነው። አንበጣም እስክንስል ድረስ አይጠብቅም።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ መሳል ነው። ስለ ማጽዳትም አንድ ከባድ ነገር አለ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ሚሊዮን ሕዝብ የሚመገበው እንሰት፥ አጠውልግ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለበት። ይህን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ለዓለም ሳይንስ አስታወቁ። በሽታው ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ሳይጸዳ የዋለ ቢላዋ ነው። ገበሬው የታመመውን ቈርጦ በዚያው ስለት ጤነኛውን ሲነካ፥ በገዛ እጁ በሽታውን ይዘራል። ይኸው በሽታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታይቶ፥ ከዚያም ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛምቶ ብዙ ጥፋት አድርሷል።

ይህ ነገር ለቆቦ ሩቅ አይደለም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ወጥቶ መስኖ ከተዘረጋ ወዲህ፥ ሽንኩርት፥ ቲማቲም፥ በርበሬና ማንጎ የሚያለማው ገበሬ በርክቷል። የፍሬ ዛፍ መገረዝ ይፈልጋል፤ የሚገረዝበት መቀስም በየቦታው ይዋዋሳል። የቲማቲምን ቅጠል የሚያዥጐረጕረው ቫይረስም በእጅና በስለት ይተላለፋል። እንግዲህ የጎረቤትን መቀስ ተውሶ ሳያጸዱ መጠቀም፥ የጎረቤትን በሽታ አብሮ መዋስ ነው።

አሁን የታመሙትን መሣሪያዎቻችንን ወደ ወሰድንበት ደጅ እንመለስ። የጓደኛችን አባት ጆንያውን አራግፈው አንድ በአንድ እያነሡ አዩአቸው። «አባባ፥ ይድናሉ ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «ይድናሉ። ብረት በሥራ አያልቅም፥ ልጆቼ፤ በመጣል ነው የሚያልቀው። እኔ ቀኑን ሙሉ የደከምሁበትን እናንተ በአንድ ክረምት ልትጨርሱት ነው» አሉን። ከዚያም ልጃቸውን፥ «አሳያቸው» አሉት። እርሱም አሳየን። ከእርሱ የተማርነውንና ከመጽሐፍ ያገኘነውን አስተባብረን፥ አንባቢ ሁሉ በቤቱ እንዲሠራበት ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

በመጀመሪያ፥ ዝገት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ብረት አየርና ውሃ ሲያገኝ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ቀይ ዱቄት ይለወጣል። ይህ ዱቄት የተቦረቦረ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት አይጠብቅም፤ እየተፈረፈረ አዲሱን ብረት ለአየር ይገልጣል። የተክል ጭማቂና የሚጣበቅ አፈር ደግሞ እርጥበት አምቀው ሥራውን ያፋጥኑታል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ስለቱን በውሃ አጥቦ፥ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ የመጀመሪያው ሕግ ነው። ይህም ከሁለት ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም።

ዝገት የያዘውን በአመድና በደቃቅ አሸዋ፥ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ነው። የጠነከረበትን በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ አንድ ሌሊት ነክሮ ማሳደር ያለዝበዋል፤ በማግሥቱ ግን ኮምጣጤው ታጥቦ ካልወጣ እርሱ ራሱ ብረቱን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የመሳል ተራ ይመጣል። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲጐትቱት ጥርሱ ይደነዝዛል እንጂ ብረቱን አይስልም። በመሳያ ድንጋይ ሲሆን ድንጋዩን ውሃ አጠጥቶ፥ የማጭዱን ጐባጣ ተከትሎ ከእጀታው ወደ ጫፉ መሄድ ይገባል። ጥርስ ያለው ማጭድ በድንጋይ ቢሳል ጥርሱ ይጠፋል፤ እርሱ የባለእጁ ሥራ ነው። መጥረቢያ ወፈር ያለ ስለት ይወዳል፤ ቢቀጥን ይሸረፋል። የአትክልት መቀስ ስለቱ ያጋደለው ጎን ብቻ ይሳላል፤ ጠፍጣፋው ጎን አይነካም፤ አለዚያ ሁለቱ ስለቶች አይገጥሙም። በኤሌክትሪክ መሳያ የሚጠቀም ሰው ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን እንዳያግለው ይጠንቀቅ፤ ባለእጁ በውሃና በእሳት የሰጠውን ጥንካሬ በአንድ አፍታ ያጠፋዋልና።

በመጨረሻም ስለቱን ቅባት መቀባት ነው። ለዚህ የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ይበቃል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ለእንጨቱ እጀታም መልካም ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አፈርንና ምግብን ስለሚበክል ቢቀር ይሻላል። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ሲያልፉ ስለቱን በእሳት ነበልባል ማሳለፍ፥ ወይም ከመቶ 70 እጅ አልኮል ባለው ፈሳሽ መጥረግ ያስፈልጋል። አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ መንከርም ይቻላል፤ በረኪና ግን ብረት ስለሚበላ በኋላ መታጠብ፥ መድረቅና መቀባት አለበት። መሣሪያው ከልጆች እጅ ርቆ፥ ስለቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሰቀል። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ከዝገት ይመጣል የሚሉ አሉ፤ በሽታው የሚመጣው በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ስለሆነ፥ የሚያብረቀርቅ ስለት ያቈሰለውም ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይከተብ።

ይህን ሁሉ በሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጸምነው። ከመሣሪያዎቹ እጅግ የተበሉትን ጥቂቶቹን ባለእጁ አዲስ ስለት አወጡላቸው፤ የቀሩትን እኛው አጸዳናቸው፤ እጀታም ገባላቸው። ሥራው ሲያልቅ ጓደኛችን አንዱን ማጭድ አንሥቶ የማሽላ አገዳ ቢመታበት አገዳው ድምፅ ሳያሰማ ተቈረጠ። ሁላችንም ሣቅን። ከዚያም ከመካከላችን አንዱ፥ በታናሽ ክፍል ስላደረግነው ነገር ይቅርታ ጠየቀው። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ያኔ ምሳዬን ብቻዬን ስበላ የነበረውን አልረሳሁትም። ዛሬ ግን ከቤታችን ሳትበሉ አትሄዱም» አለን። እናቱም ያቀረቡትን የማሽላ እንጀራ ሁላችን ከአንድ መሶብ በላን። እንጀራውን ስንቈርስ፥ ማሽላው የታጨደው በማን እጅ በተሠራ ስለት እንደ ሆነ ያላሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ የምትከተሉንም ተማሪዎች ሆይ! ከታሪክ ያገኘነው ትምህርት ይህ ነው። ማጭድ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው፤ አንደኛው ይሠራዋል፥ ሁለተኛው ይጠብቀዋል። የሚሠራውን የናቀ ሰው የተሠራውንም አይጠብቅም፤ በድካም የተገኘ መሆኑን አያውቅምና። ዝገት በብረት ላይ የሚገባው ማንም ሳያየው፥ በቸልታ ነው፤ ንቀትም በሰው መካከል የሚገባው እንዲሁ ነው። ሁለቱም ዛሬውኑ ካልተጠረጉ ነገ ሥራቸው ይብሳል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ለትምህርት ቤታችን የምናቀርበው ስጦታ ታላቅ አይደለም። በአትክልቱ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መስቀያ ሠርተናል፤ ከሥሩም መሳያ ድንጋይ፥ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት አኑረናል። በበሩም ላይ፥ «የተጠቀምህበትን አጽድተህ ስቀል፤ የሠራልህንም አክብር» የሚል ጽሑፍ ጽፈናል። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት ተሰናብተን እንሄዳለን። ከኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ማጭዶቹን ከመስቀያቸው ላይ ስለታቸው ሳይበላሽ እንድታገኙአቸው፥ እናንተም ለሚቀጥሉት እንዲሁ እንድታስረክቡ አደራ እንላለን።